የይመር ኤርባግ

መካነ ሰላም፣ ሐሙስ ኅዳር 11

ወንድሜ ይመር በደጎሎ መንገድ ላይ መኪናውን ከቋጥኝ ጋር አላትሞ፣ አፍንጫው አብጦ ተቀምጧል። ሊጠይቁት ለመጡት ጎረቤቶች ሁሉ «የመታኝ ኤርባጉ ነው» ይላል። ጀግና! ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህበት ቀበቶውን ከጀርባው አሳልፎ የሚቆልፈው ማን ሆነና? ኤርባጉ ዓይን ጨፍነው እስኪገልጡ ተነፍቶ፣ ቀበቶ የያዘውን ሰው ሊቀበል ነው የተሠራው። የኔ ወንድም ግን ኤርባጉ ገና ሲነፋ በፊቱ ሄዶ ተላተመበት። ይህን ብነግረው «ዓረብ አገር ሹፌር ነበርሽ እንዴ?» አለኝ። ጎረቤቶቹ ሳቁ።

ዛሬ ደግሞ መኪናውን ሲያስጠግን፣ ያን ዕለት ጋቢና ሰው ስላልነበረ ሳይፈነዳ የቀረውን ሁለተኛውን ኤርባግ «ይሄም ሰው ሳይፈጅ» ብሎ አስነቀለው። ቀበቶዎቹ አሁንም ከወንበሮቹ ጀርባ እንደተቆለፉ ናቸው። ነገ እናታችንን ጋቢና አስቀምጦ ወደ አቀስታ ይወስዳታል። እሷም «ከዚያ ጉድ ገላገልከኝ» ብላ መረቀችው።