ፉሉን የሠራሁት እኔ ነኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 15። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል።
ባቄላው በዝግታ እየተንተከተከ ነው። ከሰሉ እርጥብ። የሚዛን ከተማ ዝናብ መቼም አያባራም። ዓይኔ በጭስ ይቃጠላል። ዛሬ ጾም ገባ፣ ሰው ይበዛል። እትዬ ዘውዴ በፉል ቤታችን ኩሽናና ሳሎን መካከል ወፍራም መጋረጃ ሰቅላለች። የባሌ የተስፋዬ ታላቅ እኅት ናት፤ ከእንግዲህ እ.ዘ. ብዬ ነው የምጽፋት። መጋረጃው ለጭሱ ነው አለች። እሺ አልኩ።

ረፋድ 4 ሰዓት።
ለጭሱ አይደለም! አንድ ጾመኛ ሽማግሌ ማን እንደሚሠራው ጠየቁ። ያቺ ሱዳኗ ናት እንዴ፣ በጾም የባዕድ እጅ አልቀምስም አሉ። እ.ዘ. ሳቀች።
«ኧረ ምን ቆርጦኝ! እኔው በእጄ ነው የምሠራው። እሷ ዕቃ ታጥባለች።»
ጭልፋው በእጄ ነበር። የቆምኩት ከእሷ ሁለት እርምጃ ርቄ ነው። ዕቃ ታጥባለች! ደሜ ፈላ። አልወጣሁም። ለምን አልወጣሁም?

ረቡዕ፣ ኅዳር 17።
ለአንተ ካልሆነ ለማን እናገራለሁ፣ ደብተሬ። አባቴ ኦምዱርማን ውስጥ ፉል ቤት ነበረው። ከልጅነቴ ጀምሮ እሳቱ ሥር ነው ያደግሁት። አማርኛውንም ፊደሉንም ያስተማረችኝ የዚህ አገር ልጅ የሆነችው እናቴ ናት። ጦርነቱ ሲመጣ ከተስፋዬና ከልጃችን ከሩት ጋር በመተማ በኩል ወጣን። ወደ ተስፋዬ አገር፣ ወደ እናቴም አገር መጣሁ። ወደ ሰው አገር የመጣሁ አልመሰለኝም ነበር።

የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ንግድ ፈቃዱ በእ.ዘ. ስም ወጣ። ቤቱም የሷ ነው። የቤተሰብ ሥራ ነው አለች፣ አመንኳት። የጌጫን ደጋ ባቄላ የመረጥኩ እኔ። በሰሊጥ ዘይት የጀመርኩ እኔ። የዩኒቨርሲቲውን ተማሪ የሳበው የኔ እጅ ነው።

ለተስፋዬ ነገርኩት። እኅቱ ክፋት እንደሌላት፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ብላ እንደሆነ፣ ጾሙ እስኪያልፍ እንድታገስ ነገረኝ። ጾሙ ሲያልቅ እጄ ሊነጻ ነው?

እሑድ፣ ኅዳር 21። ከሰዓት።
ዛሬ ጽዮን ናት። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰው ሁሉ እኛ ቤት ገባ። ወንበር ጠፋ። አንድ መምህር ባለሙያዋን ላመስግን ብለው ተነሡ። እ.ዘ. እጇን በሽርጧ ጠራርጋ ምስጋናውን ተቀበለች። መረቋት። በመጋረጃው ቀዳዳ አየሁ።

ይህስ ይሁን። አሁን የሩትን ፀጉር ስሠራላት ትምህርት ቤት የወላጅ ሥራ እንደተጠየቁ ነገረችኝ። ምን አልሽ አልኳት።
«አባቴ ባጃጅ ይነዳል፣ እናቴ ዕቃ አጣቢ ናት አልኩ። አክስቴ እንደዛ በይ አለችኝ።»
ስምንት ዓመቷ ነው። አልተቆጣኋትም። ማበጠሪያውን አስቀምጬ ግቢ ወጣሁ። ለደንበኛ ዋሽታ በቃኝ አላለችም። ልጄን!

ማክሰኞ፣ ኅዳር 23።
ፉል ቤት አልሄድኩም። ባቄላውን ትናንት ዘፍዝፌው ነበር። ንጋት ላይ ግን ተኛሁ። ከመጣሁ ወዲህ ፀሐይ አልጋ ላይ ስታገኘኝ የመጀመሪያው ነው። 5 ሰዓት ላይ እ.ዘ. ጃንጥላዋን ይዛ መጣች። የምንኖረው በሷ ግቢ፣ ከኋላ ባለችው ክፍል ስለሆነ በሩን አላንኳኳችም።
«ታመምሽ?»
«አልታመምኩም፣ እትዬ።»
«ታዲያ ምን ሆነሽ ነው? ባቄላው እኮ ድንጋይ ሆነ! ሰው እየቀመሰ ትቶ ሄደ።»
ጨው መቼ ጨመሩ አልኳት። ገና ስጥደው አለች። ጨው ቀድሞ ከገባ ባቄላ አይበስልም። ስምንት ወር አብረን ስንሠራ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ አላየችም።
«መጋረጃው ይውረድ» አልኩ። «ለሚጠይቅም ሳሚያ ናት የሠራችው ይበሉ። ለሩትም ያሉትን ራስዎ ያርሙት። ይህ ከሆነ አሁኑኑ ተነሥቼ እመጣለሁ።»
«ደንበኛ ይሸሻል፣ አንቺ ልጅ!»
«ይሽሽ!»
እንዲህ ጮኬ አላውቅም። ፈቃዱ በማን ስም እንደሆነ እንዳልረሳ ነግራኝ ወጣች። ተስፋዬ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉን ሰምቷል። የባጃጁን ቁልፍ አንሥቶ ወጣ። ከሷ ይልቅ እሱ አንገበገበኝ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 25።
ገበያ ወርቅነሽን አገኘሁ። ከጌጫ ባቄላ የምታመጣልን ሴት ናት። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። የምትናገረው አማርኛ አጭር ነው፤ አይሸነግልም።
«አንቺ ስትሠሪ አየሁ። እሷ ባቄላ አታውቅም። እኅቴ ቤት ነይ።»
እኅቷ በዩኒቨርሲቲው መንገድ ዳር ዳቦ ቤት አላት። ፊት ለፊት ሰፊ በረንዳ አለው። ዳቦው የሷ፣ ፉሉ የኔ። ፈቃድ አላት። እኔ ግን አንዴ ተቃጥያለሁ፤ ስሜም ድርሻዬም በጽሑፍ ይስፈር አልኩ። ሁለቱም አልከፋቸውም። ዛሬውኑ ሰፈረ።

እ.ዘ. ሰማች። ሌላ ቦታ የምሠራ ከሆነ ግቢዋን እንድለቅ በተስፋዬ በኩል ላከችብኝ። በተስፋዬ በኩል! እሱም ተሸክሞ አደረሰልኝ። አንተስ ምን ትላለህ አልኩት። እስኪ እንይ አለ። ከመተማ እስከዚህ ልጅ ይዤ የመጣሁት እስኪ እንይ ልባል ነው?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 27። ንጋት 11 ሰዓት።
ወስኛለሁ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባ አንዲት ክፍል አለች፣ ትበቃናለች። ልብሱ ታስሯል። ሩት ጫማዋን አድርጋለች። ባሏን ጥላ ሄደች ይበሉ፣ ባዕድ ናት ድሮም ይበሉ።

ተስፋዬ ባጃጁን በሩ ላይ አቁሞ ሞተሩን አስነሥቷል። ዕቃውን ሊጭንልን ይሁን ወደ ሥራው ሊሄድ አላውቅም። አልጠይቀውም። ከመጣ ይምጣ፣ ከቀረም ይቅር። ዝናብ ሊመጣ ነው። በእግርም ቢሆን እኔ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ።