ከመስቀሉ ጋር የተያዘው ቁልፍ

ጥር ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፰ ዓ.ም.፣ ቡሬ

ልጄ አስጠላኝ። ሞተር ብስክሌቴን ሊያስተወኝ ፈልጎ ፊት ለፊት መናገር ፈራ። ቁልፉን ሰርቆ ለንስሐ አባቴ ሰጣቸው። እሳቸውም ጠዋት ፍኖተ ሰላም ቤቴ መጥተው ቁልፉን ከመስቀላቸው ጋር በአንድ እጅ ይዘው ቆሙ።

«አያ ታከለ፣ በሰባ ዓመትዎ እንደ ጎረምሳ ነቀምት ድረስ መጋለቡ ይብቃዎ። ከእንግዲህ አልነዳም ይበሉና ይሳለሙ።»

«አባ፣ መስቀሉን እሳለማለሁ፤ መንገዱን ግን አልተውም» አልኋቸው።

ልጄ ከበሩ ኋላ ተደብቆ ያዳምጣል። ወንድ ነኝ ይላል ደግሞ! መስቀሉን ተሳለምሁ፤ ቁልፉን ከጣታቸው ፈልቅቄ ወጣሁ።

እስከ ቡሬ ነፋሱ ደረቴን ሲመታኝ እንደ ወትሮው ነፍሴ ተመለሰች። ነገ ወደ ነቀምት እቀጥላለሁ። ነገር ግን ቁልፉን የፈለቀቅሁት መስቀል ከያዘው እጃቸው ነው። እጄንም ተጸየፍሁት። ይህን ኃጢአት የምናዘዘው ደግሞ ለእሳቸው ነው።