ኮምፒውተርሽ ላይ ስለወጣው ቀይ ማስጠንቀቂያ

ሄሪም፣ እህት ዓለም፣

የቡሳኑ ባቡር ሊያመልጠኝ ነው፣ ስለዚህ በአጭሩ። ትናንት ያ ቀይ ማስጠንቀቂያ ሲወጣ «ቫይረስ አስገባሽብኝ!» ብለሽ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህሽብኝ። እስቲ ላስረዳሽ ብል መች አስተነፈስሽኝ!

ጸረ ቫይረሱን እንዳታጠፊው። ክፈቺውና ያገዳቸውን ፋይሎች እዪ። በስምሽ የተሰየመውን ብቻ መልሺው፤ ሌላውን እንዳትነኪ።

ሳልነግርሽ መጫኔ ልክ አልነበረም፣ እሺ። ግን ድንገት ላስደስትሽ ብዬ ነው። የጄጁ ደሴት መንደራችሁን የምትዞሪበት ጨዋታ ነው፤ ዓይኔ እስኪፈዝ ራሴ የሠራሁት!

ለልደትሽ እንደ ወጉ የሠራሁልሽ የባሕር አረም ሾርባ ምድጃው ላይ ነው።
አሙቂው።

ጸረ ቫይረሱ የጠረጠረኝ ማን እንደሆንኩ ስለማያውቅ ነው።
አንቺስ?

ሶዳም