ፈቺ ያጣ መስቀለኛ ቃል

ሰኞ

ለዳማ ጨዋታ ሊሰጡት ነው። የእኔን ቦታ፣ የመጨረሻውን ገጽ የታችኛውን ግማሽ፣ ለዳማ።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ጠዋት አስጠርቶ ነገረኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ የእኔን መስቀለኛ ቃል በትክክል ፈትቶ የላከ አንድም ሰው የለም። «ወንድም ታደሰ፣ አንባቢ እያሸሸህብን ነው» አለኝ። የዚህ ሳምንቱን ፈትቶ የሚልክ አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ እስከ ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ካልተገኘ አምዱ ይዘጋል።

እኔው ሞልቼ በአጎቴ ስም እንዳልልክ መንገዱን ራሴ ዘግቼዋለሁ። ባለፈው ክረምት ሞክሬው ነበር። አዘጋጁ ፖስታውን ከፍቶ አየና «አጎትህ ጽሕፈት የተማሩት ካንተ ነው?» አለኝ። ጥሩወርቅም አትሆንም። ንጹሑን ቅጂ የምትገለብጥልኝ ባለቤቴ ስለሆነች የእሷንም እጅ ያውቀዋል።

ሸማ ተራ ስመለስ የገና በዓል ደርሷልና ሰው ሁሉ ነጠላውን ይዞ ሱቄ በር ላይ ቆሟል። በንዴት የአንዲት ሴትዮ ቀሚስ እጅጌ ጫፉን ድፍን አድርጌ ሰፋሁት። እንደገና ፈታሁት። ዛሬ የተፈታ ነገር ቢኖር እሱ ነው።

ማክሰኞ

ይህን ያህል ከባድ ነው እንዴ? ቁርስ ላይ ለጥሩወርቅ አንዱን ፍንጭ አነበብኩላት። «አልማዝ ንብ አረባለሁ ብላ ምን አረባች? ሦስት ሳጥን።» መልሱ እዚያው ተደብቋል። የአልማዝን መጨረሻ ከንብ ጋር ሲገጥሙት ዝንብ ይሆናል። ጥሩወርቅ አሰበች፣ አሰበች፣ «የትኛዋ አልማዝ?» አለችኝ። መልሱን ስነግራት ደግሞ ተናደደች። «ዝንብ ለማለት የሰው ስም ምን አስጠራህ? ደህና አድርገህ አትጠይቅም?»

ጎረቤቴን ሞከርኩት፤ እሱም አልፈታም። አንድ ደንበኛዬን ሞከርኩት። «ነጠላዬ አልደረሰም ለማለት ነው?» አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ጥፋቴ ገባኝ። ወደ መጽሔቱ ከመውሰዴ በፊት የምሞክረው እትዬ ዘይነባ ላይ ብቻ ነው። እህል በረንዳ ምስርና ሽምብራ የሚሸጡ የወሎ ሴት ናቸው። እኔ አነባለሁ፤ እሳቸው ጣሳውን ከእጃቸው ሳያስቀምጡ ይመልሳሉ። የዚህ ሳምንቱ ላይ «ዓለሙ ቀጫጫ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ የሚወቀጥበት እሱ ጋ ነው» የሚል አለ። ገና አንብቤ ሳልጨርስ «ሙቀጫ» አሉና «ልጄ፣ ይሄማ የሕፃን ነው፤ እስቲ ትንሽ አጠንክረው» አሉኝ። አጠነከርኩ። ዓመት ሙሉ አጠነከርኩ። ሃያ ዓመት መቀስ የያዝኩ ሰው፣ አንድ ሰው ለክቼ ለአገሩ ሁሉ ቆረጥኩ።

ግን መድኃኒቱም እዚያው አለ። እትዬ ዘይነባ የዚህ ሳምንቱን አንድ ሳይቀር ፈትተውታል። ነገ መጽሔቱን እወስድላቸዋለሁ፣ ይሞሉታል፣ በስማቸው ይላካል፣ አለቀ።

ረቡዕ

አላለቀም።

መጽሔቱን ዘረጋሁላቸው። «እጄ አቧራ ነው» አሉኝ። ጨርቅ ሰጠኋቸው። «መነጽሬን አላመጣሁም» አሉ። መነጽር ሲያደርጉ አይቻቸው አላውቅም። እኔ ደንቆሮው ደግሞ እርሳሱን ወደ እጃቸው እገፋለሁ። በመጨረሻ ጣሳውን አስቀመጡና «ታደሰ፣ እኔ ገና ፊደል እየቆጠርኩ ነው» አሉኝ።

ዓመት ሙሉ። «የአግድሙ ሁለተኛ ለቁልቁሉ መነሻ ይሆናል» ሲሉኝ ወረቀቱን እያዩ ይመስለኝ ነበር። ለካ ሁሉንም በጆሯቸው ይዘው በጭንቅላታቸው ነው የሚያቆራርጡት። በራሴ ተናደድኩ። አንድ ቀን እንኳ «እስቲ እርስዎ ያንብቡት» ብዬ አላውቅም።

ሌላ ሰው ይሙላልዎት ብላቸው ተቆጡ። «ሰው ጽፎልኝ ስሜ አይወጣም። ወላሂ አይሆንም። ያንተ እጅማ ከነካው ደጄን እንዳትረግጥ።» ከጥቅምት ጀምሮ ቀበሌው አዳራሽ መሠረተ ትምህርት ይማራሉ። እስከ «ጠ» ደርሰዋል። «ነገ ‹ጨ›ን እንማራለን፤ መጽሔቱን ተውልኝ» አሉኝ።

ሱቄ ገብቼ መልሱን ፊደል በፊደል ፈተሽኩት። «ፈ» የለም። «ጸ» የለም። «ጨ» ቤት አንድ ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ የሙቀጫ መጨረሻ ላይ። ነገ ይማሩታል። እግዜር ይመስገን።

ሐሙስ

ትምህርቱ ቀረ። አዳራሹ ለስብሰባ ተፈለገ።

ከበላይ አንድ ጓድ መጥቶ ስለ ምርት ተናገረ፣ ስለ ንቃት ተናገረ፣ ከዚያ ስለ ምርት ደገመው። የቀረ ሰው የቀበሌው ኅብረት ሱቅ ለስኳር ሲሄድ ነገር ስለሚጠብቀው ማንም አልቀረም። እኔ የስንት ሰው ነጠላ አስቀምጬ ተቀምጫለሁ። እትዬ ዘይነባ አጠገቤ ናቸው። ሰው ሲያጨበጭብ እሳቸው ጣታቸውን ጉልበታቸው ላይ እየጎተቱ ይጽፋሉ።

ጎንበስ ብዬ «‹ጨ› ማለት እኮ…» ስላቸው «አፍህን ያዝ» አሉኝ። ከፊት ያለው ሰውዬ ዞሮ አየን።

በመሠረተ ትምህርት ሰዓት ስብሰባ የሚጠራ፣ ይህንንም ስለ ንቃት ነው የሚል፣ ምን ይባላል? እኔ ነኝ ሰው የማይገባው ነገር የምጽፈው?

ዓርብ



ስድስት ሰዓት ላይ እትዬ ዘይነባ የታሸገ ፖስታ ሰጡኝ። «እንዳትከፍተው» አሉ። ሲኒማ ራስ ጋ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ሁለት ፌርማታ ታገስኩና ከፈትኩት።

ፊደሎቹ ከሳጥኑ ተርፈዋል። አንዱ «ረ» ተኝቷል። አንድ ቦታ ሲያጠፉ ወረቀቱ ተበስቷል። ግን ሁሉም ልክ ነው። ዝንብ ልክ ነው። ሙ፣ ቀ፣ ከዚያ ባዶ።

እርሳስ ኪሴ ውስጥ ነበር። አወጣሁት። ትልቅ አድርጌ፣ ትንሽ አጣምሜ ብጽፈው ማንም አያውቅም። የሌላ ሰው ስፌት አስመስዬ መቀጠል እንጀራዬ ነው። እርሳሱን እንደያዝኩ ብዙ ቆየሁ። ከዚያ አፈርኩ፤ ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።

«ከፈትከው?» አሉኝ።

«ከፈትኩት።»

«ሌባ።» ወረቀቱን ነጠቁኝ። አንዷን ሳጥን ረስተዋታል አልኳቸው። «አልረሳኋትም። መልሷን አውቀዋለሁ፤ መልኳን ነው የማላውቀው።»

ምስሩን በጆንያ ሸፈኑና ወጡ። የት ይሄዳሉ ብዬ በዓይኔ ተከተልኳቸው። ከመንገዱ ማዶ ጫማ የሚሸጥበት ሱቅ ፊት ቆሙና ሰሌዳውን አንጋጠው አዩ። «ጫማ ቤት» ይላል። «ማ»ን ያውቃሉ። ጫማ የሚሸጥበት መሆኑን ያውቃሉ። እንግዲህ ከ«ማ» በፊት የተቀመጠው ሌላ ምን ሊሆን ነው? እኔ ያላዘጋጀሁትን ፍንጭ ፈቱ። በጣታቸው አየር ላይ እየጻፉ፣ እንዳይጠፋቸው ማንንም ሰላም ሳይሉ ተመለሱ።

«ፊትህን አዙር» አሉኝ። አዞርኩ።

አሥራ አንድ ሊሆን ትንሽ ሲቀረው መጽሔቱ ቢሮ ደረስኩ። አዘጋጁ ካፖርቱን ለብሶ ነበር። ወረቀቱን ብርሃን ላይ ይዞ አየው። ከመልሱ ጋር ሳጥን በሳጥን አስተያየው፤ እኔ መሬት መሬት አያለሁ።

«ይሄ ያንተ እጅ አይደለም» አለ።

«አይደለም።»

«ማን ናቸው?»

«አንባቢ ናቸው» አልኩት።

እስከ ጥምቀት እንየው አለ።

ቅዳሜ

አዲሱን ይዤ እህል በረንዳ ሄድኩ። ለሌላውም ሰው እንዲሆን አቅልዬዋለሁ። እንደ ልማዴ ማንበብ ስጀምር ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱት።

«ተው፣ ራሴ አነባለሁ።»

የመጀመሪያውን ፍንጭ በጣታቸው ያዙ። አንድ ፊደል፣ ቆም፣ ሌላ ፊደል። ተሳሳቱ፤ ከመጀመሪያው ጀመሩ። ምስር ፈላጊዎች ተሰበሰቡ። አንዷ «እትዬ፣ ኧረ እንሂድ» ስትል «ቆይ እቴ» አሏት፣ ቀና ሳይሉ። መልሱን ማንም ሕፃን የሚያውቀው ነው። ምላሴን ነክሼ ያዝኩት። ብናገር በጣሳው ነው የሚሉኝ።

ሱቄ ሦስት ነጠላ ይጠብቀኛል፤ ባለቤቶቹ ዛሬ ይመጣሉ። አምዱ ከጥምቀት በኋላ ይኑር አይኑር አላውቅም። በዚህ አካሄዳቸው እሳቸውም እስከዚያ ሁለተኛውን ፍንጭ አይደርሱበትም። የሽምብራው ጆንያ ላይ ተቀምጬ ጠበቅኩ።