መነጽር መያዝ አያስገድፍም

ሰላምሰገድ፣

ዮርድብሩ ካለው የሌሊት ሥራህ ገብተህ ስለተኛህ አልቀሰቀስኩህም። የአደን ወቅቱ ሊከፈት ነው፤ የጠመንጃውን ማነጣጠሪያ ላስተካክል ተኩስ ሜዳ ሄጃለሁ።

የሕንጻውን ልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ ትቬትስቱጋውን፣ ለነገ ጠዋት ይዤልሃለሁ፤ ልብስህን እጠብበት። የጾም ድስትህን አልነካሁትም።

ባለፈው እሁድ ብቻዬን ነበርኩ። ይሄ በአፈሙዙ ባሩድ የሚጎርስ ጠመንጃ ሲተኮስ ጭሱ ፊትህን ይጋርደዋል። ጥይቱ የት እንዳረፈ የሚነግርህ አጠገብህ የሩቅ ማያ መነጽር ይዞ የቆመ ሰው ነው። አምና አንተ ነበርክ። «ቶሌ፣ ወደ ግራ ሳትክ!» ብለህ ስትጮህ አማርኛ የማይሰሙት ስዊድኖች ሳይቀሩ ይስቁ ነበር። አሁን ሌሎቹ መተኮስ እስኪያቆሙ ጠብቄ፣ ዒላማው ድረስ ሄጄ፣ ራሴ አይቼ እመለሳለሁ። ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚመጡት።

እኔ ያደንኩትን፣ ሳይባረክ የሞተ ሚዳቋ አልበላም ማለትህን ለምጄዋለሁ። እኔ በጴንጤ አፌ «ንቀኸኝ ነው» ያልኩህ ግን…

እሱን ተወው።

ሜዳው እስከ ማታ ክፍት ነው። መነጽሩን አልወሰድኩትም፣ ጫማህ ላይ አስቀምጬዋለሁ። ፍልሰታ መሆኑን አውቃለሁ፤ መነጽር መያዝ ግን አያስገድፍም።

ቶሎሳ