የእናቴ ስለት በኮረብታዋ ማርያም

ጥር 27 ቀን 1957፣ ሐሙስ

ዛሬም ነቀምቴ ፖስታ ቤት ሄድኩ። ጸሐፊው ገና ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ነቀነቀ። ለድሬሰር፣ ለሐኪም ረዳትነት ትምህርት ከተፈተንኩ ሦስት ወር አለፈ። አዲስ አበቤዎቹ ምን ነካቸው? ወድቀሃል ለማለት እንኳ አንድ ቁራጭ ወረቀት አጡ?

እናቴ ደግሞ ስለት አለብኝ ብላለች። የካቲት 4 ከአኖ ወዲያ፣ ሚሲዮኖቹ ለእመቤታችን ዋሻ የሠሩላት ኮረብታ ላይ፣ ቤተሰቡ በሙሉ መውጣት አለበት። ሻማ ተሸካሚው እኔ። የምን ስለት ነው ብላት፣ "እዚያ ነው የሚነገረው" አለችኝ። እሺ... ልማዱ ነው።

የካቲት 3፣ ረቡዕ

በጭነት መኪና አኖ ደረስን። አቧራ ብቻ። አባቴ በየመንደሩ ዘመድ አለው፤ "አካም ጂርቱ"፣ እንደምን ናችሁ ብሎ ከጀመረ ላምና ጥጃው ሳይቀር ይጠየቃል። እህቴ ዘርፈሽ ትስቃለች። እኔ ተቃጥያለሁ። ዛሬ ደብዳቤው ቢመጣስ?

የካቲት 4፣ ሐሙስ

የሆነውን በተራ ልጻፈው።

ከጊምቢ ድረስ የመጣ ሰው ነበር። ስለት ያለበት ዋሻው ፊት ይቆማል፤ ምን ለምኖ ምን እንዳገኘ ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ሕዝቡ እልል ይላል። ተራችን ደረሰ። ሻማውን ይዤ ከእናቴ ጎን ቆምኩ።

"ይኼ ልጄ ሽብሩ ነው" አለች በኦሮምኛ። "ከአዲስ አበባ የጠሩበት ወረቀት በሚሲዮኑ በኩል መጥቶ፣ ዘበኛው ጆቴ ምን እንደሆነ ነግሮ ሰጠኝ። ሳጥኔ ውስጥ ከተትኩት። እመቤቴ፣ እስከ በዓልሽ ከጠየቀኝ እሰጠዋለሁ፣ ካልጠየቀኝ አንቺ አስቀረሽልኝ ማለት ነው ብዬሽ ነበር። አልጠየቀኝም። እግዜር ይስጥሽ።"

እልልታው ቀለጠ። እኔ ሻማ ይዤ...

ስንወርድ እናቴን፣ "አዴ፣ ለምን ደበቅሽኝ?" አልኳት።

"አልደበቅኩም፣ አስቀመጥኩ። ኢልመኮ፣ ልጄ፣ ፖስታ ቤቱን ስትጠይቅ ከረምክ። እኔን አንድ ቀን ጠየቅኸኝ?"

ማንበብ የማትችልን ሴት ስለ ደብዳቤ ምን ብዬ ልጠይቃት? እንዲህ ማሰቤ ራሱ አሳፈረኝ። ግን ተናድጃለሁ። በጣም ተናድጃለሁ።

የካቲት 5፣ ዓርብ

ነቀምቴ ገባን። እናቴ ሳጥኑን ከፈተችልኝ። ደብዳቤው "እስከ ጥር 25 ቀን ቀርበህ እንድትመዘገብ" ይላል። አልፏል። አነበብኩላት።

"ቀን አለው እንዴ?" አለች። ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ ገለባብጣ አየችው።

የካቲት 7፣ እሑድ

አላናገርኳትም። ነገ አዲስ አበባ ሄጄ የትምህርት ቤቱን አለቃ እለምናለሁ። ምን ብዬ? እናቴ ሳጥን ውስጥ ከተተችው ልበል? ማን ያምነኛል?

የካቲት 8፣ ሰኞ

አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፣ ጽሑፌ ይዘላል። ጠዋት እናቴ ነጠላዋን ለብሳ፣ ስንቅ ቋጥራ በር ላይ ጠበቀችኝ።

"ወዴት ነው?" አልኳት።

"ወረቀቱን የጻፈው ሰውዬ ዘንድ። ጥፋተኛዋ ሳልቀርብ አንተን ምን ብሎ ያምንሃል? እኔ እናገራለሁ፣ አንተ በአማርኛ ታስረዳልኛለህ።"

ከዚያች ኮረብታ ወዲያ አገር አይታ አታውቅም። ባኮ ሳንደርስ አስመለሳት፤ ጀርባዋን ደገፍኩ። ሰውዬው ይቀበለን አይቀበለን እንጃ። ንዴቴም ገና አልበረደም።

"እስቲ የምትይውን አሁን ንገሪኝ" አልኳት።

አፏን በነጠላዋ ጠረገች። "ልጄ ጎበዝ ነው፣ ጠርታችሁት ነበር፣ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እላለሁ።"

እመቤታችንን አላነሳችም።