ጥላ ሥር የበቀለ ዱባ

ሰኞ

ሦስተኛውን ፎቅ ጀመረ! ጎረቤታችን ይማም ሁለተኛው ላይ ያበቃል ብዬ ነበር። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ። ከእንግዲህ ግቢያችን ፀሐይ የሚያየው ረፋድ ላይ ለጥቂት ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሕንፃው ጥላ ዱባውን ይውጠዋል።

አባባ በርጩማቸውን ወደ ዱባው አስጠግተው ተቀመጡ። እናቴ ከሞተች በኋላ ከሀብሩ ገጠር ወደ መርሳ፣ እኔ ጋ ሳመጣቸው የያዙት በሸሚዝ ኪሳቸው የቋጠሩትን የዱባ ዘር ብቻ ነበር። አገር ቤት የእሳቸውን ዱባ ለማንሳት ሁለት ሰው ያስፈልግ ነበር። እዚህ አበባው ሁሉ በጥላ ረግፎ አንዲት ፍሬ ቀረች። ጠዋት ከአልጋ የምታስነሳቸው እሷ ናት። እሷ ከሄደች ምን ብዬ እንደማስነሳቸው አላውቅም።

ማክሰኞ

ከማስተምርበት ስመለስ አዲስ ቆርቆሮ ገዛሁ። ፀሐይ ገና በምትደርስበት በአጥሩ ግንብ አናት ላይ አቆምኩት፤ ብርሃኑ ተመልሶ ቅጠሉ ላይ ቦግ አለ። አባባ ሳቁ! ከስንት ጊዜ በኋላ። “አንቺ ልጅ፣ ፀሐይን በገመድ ልትጎትቻት ነው?”

ማምሻውን ነፋስ ቆርቆሮውን ጣለው። ሁለት ትልልቅ ቅጠል ቆረጠ። የእኔ ድል ዕድሜው ይህችው ናት።

ረቡዕ

ይማም አባባን ሊጠይቅ ብርቱካን ይዞ መጣ። ጨዋ ሰው ነው፤ እንደ ልብ መቆጣት እንኳ አይቻልም። ንዴቴን በብርቱካኑ ተወጣሁ።

ሲወጣ ፍሬዋን አየና “ይቺ ናት እንዴ? ማሻአላህ!” ብሎ በጣቱ ጠቆማት።

ለጋ ዱባ በጣት አይጠቆምም። ጣት የተቀሰረባት ትረግፋለች ይባላል፤ ማሳየት የፈለገ ሰው ጣቶቹን አጥፎ በጭብጡ ያሳያል። ይማም ከተማ አድጎ ረስቶታል። አባባ “አለቀላት” ብለው ገቡ። እራትም አልበሉ።

ሐሙስ

እኔ በጣት አላምንም። ፍሬዋ ግን ቢጫ ሆናለች፣ ጫፏም ለስልሷል።

“አባባ፣ ጥላው ነው እንጂ ጣቱ አይደለም” አልኳቸው።

“ጥላውም የሱ፣ ጣቱም የሱ” አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

ለይማም ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። “ወላሂ ረስቼው ነው” አለ። ምን ልበለው? ፎቁንም ረሳኸው ወይ አይባል።

ዓርብ

ረገፈች።

አባባ ለጁምዓ አልወጡም። እንዲህ ሲያደርጉ አይቼ አላውቅም። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ፤ ለዱባ አይደለም። ሐረጉን ልነቅለው ሄጄ ጫፉን አጣሁት፤ ግንቡን ተሻግሮ ወደ ይማም ግቢ ገብቷል። ጉልበትም አልነበረኝ፤ ተውኩት።

ቅዳሜ

ማለዳ ከሰማይ ስሜን ጠሩኝ። ይማም ነው፤ ግንበኞቹ የሚቆሙበት የባሕር ዛፍ መወጣጫ ላይ ወጥቷል።

“አባባን አምጫቸው!”

“አይነሱም” አልኩት።

“ሐረጉ እዚህ ድረስ ወጥቷል በያቸው! ፀሐይ ላይ ነው!”

ጩኸቱን ሰምተው ኖሮ ዞር ስል አባባ በሩ ላይ ቆመዋል። ይማም እጁን ዘረጋ። ጣቶቹን ሁሉ አጥፎ፣ በጭብጡ፣ ሁለት እንጨቶች የተጋጠሙበትን አሳየን። እንቁላል የምታህል ፍሬ፣ የጠወለገ አበባዋ ጫፏ ላይ እንዳለ።

አባባ ትኩር ብለው አይተው “ስትከብድ ትወድቃለች” አሉ።

“በጆንያ እናንጠለጥላታለን።”

“ልስኑ ሲያልቅስ? እንጨቱ ይፈርስ የለም ወይ?”

ይማም አንገቱን አከከ። “የዚህን ጎን ልስን አዘገየዋለሁ፣ ኢንሻአላህ። አብሽሩ።”

እስከ መቼ እንደሚያዘገየው አልተናገረም፤ እኔም መጠየቅ ፈራሁ። አባባ በርጩማቸውን አነሱና ፍሬዋ ወደምትታይበት ጥግ ወሰዱት። ተቀመጡ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው “ቁርስ የለም እንዴ እዚህ ቤት?” አሉኝ።